ጉልበትሽን ወደ ውጭ

ሌላው ሠራተኛ ሥራ ሲገባ መነጽርና ጓንት ያደርጋል። እኔ ሥራ ስገባ አወልቃለሁ።

በየጠዋቱ ቅጥሩ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት መደቤ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ፤ የዓይን መከላከያ መነጽሩን፣ አቧራ የሚያግደውን ጭንብል፣ ጓንቱን፣ ጭኔ ላይ የማነጥፈውን ድርብ ቆዳ፣ በመጨረሻ ጫማዬን። ከዚያ ሱሪዬን አውልቄ የሚያስተዳድረን የቅርስ ማእከል የሰጠኝን የፍየል ቆዳ አገለድማለሁ። አባቴ ሱሪ ነበረው። አያቴም ሱሪ ነበረው፤ ለበዓል የሚለብሰው ኮት ሳይቀር። ማእከሉ ግን የጥንት ሰው ቆዳ ያገለድም ነበር ብሎ ስለወሰነ፣ እኔ ከአያቴ የቀደምኩ ሰው ሆኜ እውላለሁ። ማታ ጎብኚው ሲወጣ ሱሪዬን ለብሼ ወደዚህ ዘመን እመለሳለሁ።

ስሜ ሎምቤቦ ነው። የምኖረው ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ባልጩት ከሚወጣበት ኮረብታ ሥር፣ የሕያው ቅርስ ቅጥር በሚባለው መንደር ነው። ባልጩት እንደ ጠርሙስ የሚሰበር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስንጣሪው ከምላጭ ይብሳል። የኛ ወገን ከዚህ ድንጋይ መፋቂያ እያበጀ ቆዳ ሲፍቅ ኖሯል። በዚህም «ፋቂ» ተባልን። በአያቴ ዘመን ከኛ ጋር ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም። ውሃ ብንጠይቅ በዕቃ አይሰጡንም፤ መዳፋችን ላይ ነበር የሚያፈሱልን። ስንሞት እንኳ ለብቻ ነበር የምንቀበረው። ኋላ ዓለሙ ሁሉ በማሽን ሆነና ድንጋይ በእጁ የሚሰብር ሰው ከምድር ሊጠፋ ሲል ተፈለግን። ተቆጠርን፣ ተመዘገብን፣ ተከበርን። ያኔ በደጃቸው አናሳልፍም ያሉን ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ዛሬ ከደጃችን አናስወጣም ይሉናል።

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ወገኖቼ የጦር ጫፍ ሠርተው አያውቁም። የሠሩት መፋቂያ ነው፤ አጭር፣ ደብዛዛ መልክ ያለው፣ ለዓይን የማይሞላ ነገር። ጎብኚ ደግሞ መፋቂያ አይማርከውም። ሹል ነገር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የማእከሉ ሊቃውንት ከኮረብታው ሥር ቆፍረው ያወጧቸውን የጦር ጫፎች አምጥተው አሠራሩን አሳዩን፤ ረጅሙን ስንጣሪ በመምቻ ድንጋይ ማውጣት፣ ከዚያ ጠርዙን በቀንድ ጫፍ እየተጫኑ ማሾል። ተማርንላቸው። እነሱም «ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁት ጥበብ» ብለው መዘገቡልን። ያን ቀን የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ቤቴ ገብቼ። የድንጋዩ አያያዝና አመታት ግን የራሳችን ነው፤ እሱን ማንም አላስተማረንም።

ቅጥር እላለሁ እንጂ አጥር የለውም። ዘበኛም ውሻም የለውም። ያለው አንድ አጭር ሕግ ነው፦ የተመዘገበ ቅርስ ከቦታው አይጓጓዝም። በዚህ የተነሳ እኔ የቆምኩበት ፌርማታ ላይ አውቶቡስ በሩን አይከፍትልኝም። መኪናም ብገባ አይነሳም። በእግሬ እስከፈለግሁት ድረስ መሄድ እችላለሁ፤ ዳሩ ግን ከቅጥሩ ውጭ ያለ ሱቅ አይሸጥልኝም፣ ያለ ቧንቧ ውሃ አይወርድልኝም። ጎረቤቴ ኤርሲዶ ወንድሙ ሞቶበት ለቀብር በእግሩ ወጥቶ ነበር። ፀሐይ ከረር ሲል ከማእከሉ አንዲት ትሑት ልጅ ዣንጥላና ውሃ ይዛ ደረሰችበት። «ይቅርታ አባት፣ ፀሐይ መታዎት» ብላ ዣንጥላውን ከራሱ በላይ እንደያዘች ቤቱ ድረስ መለሰችው።

«ቢመቱኝ እሳደብ ነበር» ይላል ኤርሲዶ። «ዣንጥላ ይዞልህ የመጣን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ?»

እሱ ይህን እያለ ይስቃል። ወንድሙን ግን አልቀበረም።

እኔም ሚስቴን አልቀበርኩም። ኤልፍነሽ የከተማ ልጅ ነበረች፤ ወዳኝ ነው እዚህ የገባችው፣ አልተመዘገበችም። ስትታመም አምቡላንስ መጣላት። አልጋዋን ተከትዬ እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ ሞተሩ ጠፋ። «እባክዎ፣ ቅርሱ ከተሽከርካሪው ይውረድ» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። በሩን ጨብጬ ቆምኩ። ድምፁ ያንኑ ደገመ፤ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል። ሕመሟ እያጣደፋት ነበር። «ውረድላቸው ሎምቤ» አለችኝ። «እኔ እንድሄድ ውረድ።» ወረድኩ። ትንሿ ልጃችን ታቢታ ያኔ ስላልተመዘገበች ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ቀብሩን እኔ ማእከሉ ባዋሰኝ ስክሪን አየሁት፤ እሷ ቆማ አየችው።

የመለሷት በባቡር ነበር። ባቡር ራሱን ይነዳል፤ ሆኖም ሕጉ ሰው ከፊት ይቀመጥ ስለሚል አንዲት ሴት ከፊት ትቀመጣለች። ያች ሴት አዝናላት አጠገቧ አስቀመጠቻት። ታቢታ ስትደርስ ስለ እናቷ አልነገረችኝም። «አባዬ፣ ከፊት ሲቀመጡ አገሩ ሁሉ ወደ ሰው ይመጣል» ነው ያለችኝ። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ግን እያበሩ ነው። ይህች ልጅ እዚህ አትቀርም ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው።

መማሉ ቀላል ነው። ከባዱ አማቲቱ ናት።

አማቲቱ የምንላት ከየመደቡ በላይ ምሰሶ ላይ የተሰቀለችውን መሣሪያ ነው። ሌላ ስም አላት፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ስላለችና ምንም ስለማያጠግባት አማቲቱ አልናት። ስንመታ ትሰማለች፣ የወደቀውን ስንጣሪ ታያለች፣ የየትኛው ቤት እጅ እንደሆነ ታውቃለች። ከየቤቱ አንድ ተተኪ ይፈለጋል። ልጅ ዕድሜው ሲደርስ ሥሯ ተቀምጦ ይመታል፤ ሦስት ጊዜ። አንዱ እንኳ የቤቱን እጅ ከመሰለ አማቲቱ ትደውላለች፣ ልጁም ይመዘገባል። ሦስቱም ካልመሰሉ «እጅ የለውም» ይባላል፣ አውቶቡስ ሁሉ ይከፈትለታል። ሌላው አገር ወላጅ ልጁ እንዲያልፍ ይጸልያል። እኛ እንዲወድቅ እንሳላለን።

ማታለል አይቻልም። የሚያውቅ እጅ ሆን ብሎ ሲያጠፋ ያስታውቃል። የኤርሲዶ ልጅ ሞክሮት ነበር፤ አማቲቱ «ይደገም» አለች። በየወሩ እየጠራች ስታስደግመው ከረመችና አንድ ቀን ሰልችቶት በትክክል መታ። አሁን ከአባቱ ጎን ቆዳ አገልድሞ ተቀምጧል።

እንግዲህ ለልጄ የሚያስፈልጋት የውሸት ስህተት ሳይሆን የእውነት ሌላ እጅ ነበር። እሱን ለማበጀት ደግሞ ጥንቃቄን የመሰለ ሽፋን የለም።

እኛ ድንጋዩን የምናሳርፈው በግራ ጭናችን በውጭ በኩል ነው፤ ጉልበት ወደ ውጭ ተከፍቶ። ስንጣሪው ሲለቅ ከድንጋዩ ሥር ነው የሚወጣው፤ በዚህ አያያዝ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ቢጭር እንጂ ሥጋ ውስጥ አይገባም። ታቢታን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ አስያዝኳት። ድርብ ቆዳ ጭኗ ላይ አነጠፍኩና ድንጋዩን በሁለቱ ጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ፣ በውስጠኛው ጭኗ ላይ አሳርፋ እንድትመታ አደረግሁ። በንጣፍ ከሆነ ይህ እንዲያውም ይመቻል፤ ድንጋዩ አይወዛወዝም፣ ስንጣሪው ቆዳው ላይ ዘጭ ይላል። ድምፁም ከኛ ይለያል፤ ታፍኖ ነው የሚወጣው።

በቀረውም ልቧን አወለቅሁት። መነጽር ሳታደርግ መምቻ ካነሳች እቀማታለሁ። «ንፋስ ከጀርባሽ ይሁን። መሬቱን ውሃ እርጪው፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ የኔን ሳል ትሰሚያለሽ አይደል? ስንጣሪ በእጅ አይጠረግም፤ ሸራ ዘርግተሽ ሸራውን ሰብስቢ። ጠርዙን በሸካራ ድንጋይ ሳታደበዝዢ አትምቺ፤ ስስ ጠርዝ ተፈርክሶ ፊት ላይ ይረጫል።» ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልዋሸኋትም። ለምን እንደዚያ እንደምይዛት ግን አልነገርኳትም፤ ካወቀች እጇም ያውቃል ብዬ።

ጎረቤት አላገጠብኝ። ኤርሲዶ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ቆሞ ያያትና «ሎምቤ፣ ልጅህን ድንጋይ ነው ወይስ እንቁላል የምታስመታት?» ይለኛል። አባቴ ቢያይ ያፍር ነበር። የአባቴ ጭን በጠባሳ የተዥጎረጎረ ነበር፤ እንደ ማዕረግ ነበር የሚያሳየን። ማእከሉ ግን ደስ አለው። ዶክተር ይትባረክ፣ ፈተናውን የሚመራው ሰው፣ ታቢታን በመነጽርና በጓንት ባያት ጊዜ «ጋሽ ሎምቤቦ፣ እርስዎ አርአያ ነዎት» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ክፉ ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ስለኛ ተምሮ፣ ስለኛ ጽፎ፣ እኛን ብሎ ከከተማ መጥቶ የቀረ ነው። እንደሱ የሚወደን ሰው አላየሁም።

ታቢታ አደገች። ድሬዳዋ ያለው የባቡር ትምህርት ቤት ተቀበላት፤ የቀራት አማቲቱ ፊት ተቀምጣ መውደቅ ብቻ ነበር። የፈተናዋ ዕለት ጠዋት ሻንጣዋ ተሸክፎ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ጫማዋን ሁለት ጊዜ አሠረችው።

«ካለፍኩስ አባዬ?»

«አታልፊም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ፤ እንደገባት አወቅሁ። አንገቴን አቀፈችኝ። ያን ያህል ዓመት የሰማሁት ሹፈት ሁሉ በዚያች እቅፍ ወጣልኝ።

መደቡ ዙሪያውን በጎብኚ ተሞልቷል። በወጉ መሠረት፣ ማእከሉ ባወጣው ወግ ማለቴ ነው፣ አባት ከልጁ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ኤርሲዶ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ «አደራ ሎምቤ፣ ዛሬ አፍህን። ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ያላገጠብኝ ሁሉ ማወቁን ለመሸፈን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ዶክተር ይትባረክ ወደ ታቢታ ቀረበና መነጽሩን፣ ጓንቱን፣ ጭንብሉን ተቀበላት። ይህን ጠብቄው ነበር። ከዚያ ንጣፉን ያዘ።

«ይቺም ትነሳለች» አለ፣ እያፈረ። «እስከ ዛሬ ለልጆች ፈቅደን ነበር። ታቢታ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ሰው ናት። አያቷ በተቀረጹበት ፊልም ላይ ንጣፍ የለም፤ ጎብኚዎቻችንም ይህን አስተውለው አንስተውብናል።»

«ዶክተር፣ ትጎዳለች እኮ።»

«ሐኪም አቁመናል፣ አይዞዎት።» ከዚያ በቅንነት ጠየቀኝ፣ «ሌላ የሚያሰጋዎት ነገር አለ?»

ሌላ የሚያሰጋኝ ነገር ነበር፤ የማልናገረው እሱን ብቻ ነበር። «የለም» አልኩ።

ንጣፉ ሲነሳ የልጄን ጭን አየሁ። አንድ ጠባሳ የለበትም። በቅጥሩ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጭን ያለው ሰው የለም።

ታቢታ ድንጋዩን አነሳች፣ ጠርዙን አደበዘዘች፤ ያስተማርኳትን አልረሳችም። በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ በውስጠኛው ጭኗ ላይ አሳረፈችውና መታች። ትንሽ ስንጣሪ ወጥታ በእግሮቿ መካከል ወደቀች። ሁሉም ቀና ብሎ አማቲቱን አየ። አማቲቱ ዝም። ሁለት ቀራት።

ሁለተኛውን ስትመታ ስንጣሪው ጭኗን ጭሮ ወጣ። ቀጭን የደም መስመር ታየ። ታቢታ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አያያዟን አልለወጠችም። አማቲቱ ዝም። ከኋላዬ የኤርሲዶን ትንፋሽ ሰማሁ። አንድ ቀራት። አንድ ብቻ፣ ከዚያ ባቡር።

ሦስተኛው ለጦር ጫፍ የሚሆን ረጅም ስንጣሪ መሆን አለበት፤ ሕጉ እንዲያ ይላል። ታቢታ ድንጋዩን አገላበጠች፣ ወፍራሙን ወገን መረጠች፣ ትልቁን መምቻ አነሳች። ድንጋዩን መልሳ እዚያው አሳረፈችው፤ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ከደሙ ሸሽታ። እኔ ያን ጊዜ የድንጋዩን ሥር አየሁ። ባልጩት ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ ከመመታቱ በፊት ይታወቀኛል፤ ዕድሜዬን የኖርኩበት ነገር ነው። የሚወጣው ስንጣሪ የጣት ርዝመት አለው፤ ጫፉ የሚያርፈው ደግሞ በጭኗ ውስጥ ትልቁ የደም ሥር በሚያልፍበት ላይ ነው። የአባቴ ወንድም በዚያች ቦታ ተቆርጦ ውሃ እስኪመጣለት አልቆየም።

እጇ ተነሳ።

ላመዛዝን ብል ጊዜው አይበቃም ነበር። ሆኖም መጮህንም ዝም ማለትንም ማሰቤን አውቃለሁ። ሊጭራት ብቻ ይችላል ብዬ አስቤያለሁ። ሐኪሙ ቆሟል ብዬ አስቤያለሁ። ሻንጣዋ በሩ ሥር እንዳለ አስቤያለሁ። ዝም አይነቅዝም። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

«ጉልበትሽን ወደ ውጭ!»

ይህን ቃል ለሷ ብዬው አላውቅም። አባቴ ለኔ ይለኝ የነበረ ነው። ታቢታ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፄ ሲጮህ ታዛለች፤ ዓይን ላይ የሚፈናጠር ድንጋይ ጊዜ አይሰጥምና እንደዚያ ነው ያሳደግኳት። እጇ እየወረደ ጉልበቷ ወደ ውጭ ተከፈተ፣ ድንጋዩ ተንሸራቶ በጭኗ ውጭ በኩል አረፈ። ድምፁ ጠርቶ ወጣ። ረጅሙ ስንጣሪ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሳይሰበር፣ ደም ሳይነካው።

አማቲቱ ደወለች። ለስለስ ያለ ድምፅ አላት፤ የቅዳሴ ቃጭል ይመስላል።

ጎብኚው አጨበጨበ። ታቢታ ስንጣሪውን ታያለች እንጂ እኔን አላየችም። ኤርሲዶ ተነስቶ ሄደ። ዶክተር ይትባረክ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ የእውነት እንባ ነው።

«ደም ውስጥ ያለ ነገር!» አለ። «ንጣፉ ሸፍኖት ኖሮ ነው እንጂ አያቷ ራሳቸው ናቸው የመቱት!»

ደም ውስጥ አይደለም። የቤታችን እጅ ብለው የመዘገቡት ነገር ምን እንደሆነ እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አባቶቼ ጉልበታቸውን ወደ ውጭ የከፈቱት ድንጋዩ እንዳይቆርጣቸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የተቆረጠው ሞተ፣ የሸሸው ልጁን «ወደ ውጭ» አለው። እኔ ጥንቃቄ እያስተማርኩ ከአባቶቼ እጅ የማርቃት መስሎኝ ነበር። የአባቶቼ እጅ ራሱ ጥንቃቄ ነበር። ንጣፉ ሲነሳ ሁለቱ መንገዶች አንድ ሆኑ፣ እኔም ልጄን በገዛ አፌ አስገባኋት።

«ጋሽ ሎምቤቦ» አለኝ ዶክተር ይትባረክ ክንዴን ይዞ። «ይህ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ቃል በአንድም ቀረጻችን ላይ የለም! እባክዎ አንዴ ይድገሙልን፤ የመጀመሪያው ጫጫታ ገብቶበታል።»

ደገምኩለት። ለምን እንደደገምኩ አትጠይቁኝ። ሰው በትሕትና ሲለምንህ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ቅጥሩ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታቢታ ፌርማታው ድረስ ሄደች። እኔ ከርቀት ተከተልኳት። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሌላ ሰው አወረደ። እሷ ስትጠጋ በሩ ተዘጋ። እጇን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመች፤ አውቶቡሱም እጇን እስክታነሳ በትዕግሥት ጠበቃት። ከዚያ ሄደ። ተመልሳ ስትመጣ ዣንጥላ የያዘች ልጅ አጠገቧ ነበረች።

ቤት ገብታ ሻንጣዋን ፈታች። ልብሶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አባዬ» አለችኝ። «ዝም ብትል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ትሞቺ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ልዋሻት እችል ነበር። «አይደለሁም» አልኳት። «ሊጭርሽም ይችል ነበር።»

«ጭሮኝ ቢሆን አሁን ባቡር ላይ ነበርኩ።»

«አዎ።»

«ብትጠይቀኝ ልሞክረው እል ነበር። አልጠየቅኸኝም።»

«ጊዜ አልነበረም ልጄ።»

«አውቃለሁ።» አንዱን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች፣ ሌላ አነሳች። «ልጅ አልወልድም እኔ። ይህን ቃል ለማንም አልልም።»

ጭኗ ላይ ያለችውን ጭረት በሞቀ ውሃ አጥቤ፣ የገባ ስንጣሪ ካለ ብዬ ወደ ብርሃኑ አዙሬ አይቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። እግሯን አልነሳችኝም። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቃሉ የትርኢቱ አካል ሆነ። ማእከሉ ከሁሉም ትርኢት ይህን ነው የሚወደው፤ ጎብኚ ከሩቅ አገር ይመጣበታል። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም መነጽራችንን፣ ጓንታችንን፣ ንጣፋችንን እናስቀምጣለን። ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ዶክተር ይትባረክ ከጎን ቆሞ ያስረዳል።

ታቢታ አሁን የቤቱን አያያዝ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። ጉልበቷን ራሷ ልትከፍት ትችላለች፤ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ግን አትከፍተውም። ድንጋዩን በውስጠኛው ጭኗ ላይ፣ ያችው ቦታ ላይ ታሳርፈዋለች። ትልቁን መምቻ ታነሳለች። ከዚያ እጇን አየር ላይ እንዳቆመች ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጎብኚው ትወና ይመስለዋል፤ ትንፋሹን ይውጣል። ልጄ ግን እየጠየቀችኝ ነው። ያን ቀን ያልጠየቅኋትን በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ዝም ብል ትመታዋለች። ይህን አውቃለሁ።

ዛሬም ጠዋት አየችኝ። ከሐይቁ ወዲያ ባቡሩ እያለፈ ነው። አፌን ዘግቼ ከወትሮው ትንሽ ቆየሁ። እጇ መውረድ ጀመረ።

«ጉልበትሽን ወደ ውጭ» አልኩ።